ላኪ ያለው መልእክተኛ



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የቢሮ ሥራ ይመስላል። አንድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ይጠራል። የአውሮፕላን ትኬቱንና የውሎ አበሉን እሸፍናለሁ የሚል ድርጅት ይገኛል። ከእኛ ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አንድ ወይም ሁለት ሰው ይሄዳል። ማን ይሂድ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ በአንድ ስልክ ወይም በአንድ ኢሜይል ያልቃል። እኔ ግን ይህ ጥያቄ ከሐቀኝነት ፈተናዎቻችን ሁሉ ከባዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ወንበሩ አንድ ነው፣ ፈላጊው ብዙ ነው፣ የሚቆጣጠርም የለም። መንግሥትን ግልጽ ሁን፣ ተጠያቂ ሁን ብለን የምንሞግት ሰዎች፣ ማንም በማያየን ቦታ ራሳችን ምን እንደምናደርግ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

የምለው በአጭሩ ይህ ነው፤ የጉዞው ባለቤት ላኪው ማኅበረሰብ እንጂ ተጓዡ አይደለም። ይህን በልባችን ከተቀበልን ማስታወቂያውም፣ ምርጫውም፣ የገንዘቡ አከፋፈልም፣ ከጉዞ በኋላ የሚሆነውም ሁሉ መልኩን ይለውጣል።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት፣ ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ በአገራችን አቆጣጠር ስጠራ ዓመተ ምሕረት እላለሁ።

መንግሥታት በሚመክሩበት መድረክ ላይ ተራ ዜጋ መቀመጫ ያገኘው በቀላሉ አይደለም። በ1923 ደስካሄ የተባሉ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች አለቃ፣ ካናዳ ራሳችንን የማስተዳደር መብታችንን ገፋችብን የሚል አቤቱታ ይዘው እስከ ጄኔቭ ተጓዙ። የመንግሥታቱ ማኅበር በጉባኤው ፊት እንዲናገሩ አልፈቀደላቸውም። ከአንድ ዓመት በላይ ደጅ ጠንተው ሳይሰሙ ተመለሱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1945 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር፣ በአንቀጽ 71 የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ምክር ቤቱ መንግሥታዊ ካልሆኑ ድርጅቶች ጋር እንዲመክር መንገድ ከፈተ። ዛሬ በዚህ አንቀጽ መሠረት የአማካሪነት ደረጃ ያገኙት ድርጅቶች ከ6 ሺህ በላይ ናቸው። በ1992 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ የተካሄደው የምድር ጉባኤም ሴቶችን፣ ወጣቶችን፣ ገበሬዎችን፣ ሠራተኞችንና ነባር ሕዝቦችን ጨምሮ ለዘጠኝ የኅብረተሰብ ክፍሎች የተሳትፎ ቦታ ሰጠ።

በሩ ተከፈተ ማለት ግን ሁሉም ገባ ማለት አይደለም። ጄኔቭና ኒው ዮርክ የሚያደርስ ትኬት፣ የሚያድርበት ሆቴልና የሚረዳው አስተርጓሚ ያለው ገባ። የሌለው ስለ እርሱ ሲወራ በሩቅ ሰማ።

ይህን ክፍተት ቀድመው ካዩት መካከል የነባር ሕዝቦች ጉዳይ ተሟጋቾች ይገኙባቸዋል። በ1982 የተባበሩት መንግሥታት ስለ እነዚህ ሕዝቦች የሚመክር የሥራ ቡድን በጄኔቭ ሲያቋቁም፣ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሰዎች ራሳቸው በምን ገንዘብ ይምጡ የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ጠቅላላ ጉባኤው በታኅሣሥ 1985 በውሳኔ ቁጥር 40/131 የበጎ ፈቃድ ፈንድ አቋቋመ። ገንዘቡ አምስት አባላት ባሉት የባለአደራዎች ቦርድ ምክር የሚታደል ሆነ፤ በቦርዱም ውስጥ የነባር ሕዝቦች ተወካይ እንዲኖር ውሳኔው አስገደደ። ማን ይረዳ ለሚለውም ውሳኔው መስፈርት አስቀመጠ። ተጓዡ የነባር ሕዝቦች ድርጅት ወይም ማኅበረሰብ ተወካይ መሆን አለበት። ያለዚህ ድጋፍ መምጣት የማይችል መሆን አለበት። ለጉባኤው ስለ ችግሩ ጠለቅ ያለ ዕውቀት የሚጨምር መሆን አለበት። የተጓዦቹ ስብጥርም የዓለምን ክፍሎች በሰፊው ማካተት አለበት።

ይህ አርባ ዓመት የሞላው ውሳኔ ዛሬ በየቢሮአችን ከምንጠቀምባቸው ቅጾች ብዙዎቹን ይበልጣል። በተለይ ሁለተኛውን መስፈርት ልብ በሉልኝ። የጉዞ ድጋፍ ሽልማት አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጠው ማን ነው የሚል ሊሆን አይችልም። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ይህ ገንዘብ ባይኖር ድምፁ ፈጽሞ የማይሰማው ማን ነው የሚል ነው። በራሱ ድርጅት በጀት መሄድ የሚችለውን ሰው በድጋፍ ገንዘብ ስንልክ፣ አንድ ሰው ላክን እንላለን እንጂ በእውነቱ አንድ ወንበር አጥፍተናል።

ትክክለኛው ሰው በትክክለኛው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን የሚያሳዩ ሁለት ታሪኮች ልጥቀስ።

የመጀመሪያው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ነው። በ2004 ጥር ወር የስምምነቱን ረቂቅ ያዘጋጀው የሥራ ቡድን 40 አባላት ነበሩት። 27ቱ የመንግሥታት፣ 12ቱ የሲቪል ማኅበረሰብ፣ አንዱ የብሔራዊ የሰብአዊ መብት ተቋማት ተወካዮች ነበሩ። እነዚያ 12 ወንበሮች ለይስሙላ አልተሰጡም። ማየት የተሳናቸው፣ መስማት የተሳናቸው፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰዎች ከዲፕሎማቶች ጋር እኩል ተቀምጠው ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ተከራከሩ። «ያለ እኛ ስለ እኛ አይሆንም» የሚለው መፈክር ሰልፍ ላይ ብቻ አልቀረም፤ የሥራ መመሪያ ሆነ። ስምምነቱ በታኅሣሥ 2006 ጸደቀ፤ አገራችንም በ2010 አጸደቀችው። አካል ጉዳተኛውን ተረጂ አድርጎ ከሚያይ አስተሳሰብ ወጥቶ ባለመብት ያደረገው ሰነድ፣ ባለጉዳዮቹ በቦታው ባይኖሩ ኖሮ ያንን መልክ ይይዝ ነበር ብዬ አላምንም።

ሁለተኛው የኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ ታሪክ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ችግኝ ለማፍላት የጀመረችው ሥራ ገንዘብና ውሃ አጥቶ ወድቆ ነበር። በ1976 ቫንኩቨር ላይ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የሰው ልጆች አሰፋፈር ጉባኤ ላይ ተሳተፈች። እዚያ ባገኘቻቸው ሰዎችና በሰማችው ሐሳብ ተበረታትታ ወደ አገሯ ተመለሰች። ሐሳቧንም አባል ለነበረችበት ለኬንያ ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት አቀረበች። በሰኔ 1977 በናይሮቢ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ዛፎች ተተከሉ፤ አረንጓዴ ቀበቶ የሚባለው ንቅናቄ ከዚያ ተነሣ። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሰጣት በዚህ ሥራዋ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ዋናው ነገር ቫንኩቨር አይደለም። ዋናው ነገር ስትመለስ የምትነግራቸው፣ የሚያዳምጧትና ሥራውን ከእሷ ጋር የሚጀምሩ ሴቶች መኖራቸው ነው። ዋንጋሪ ማታይ የምትመለስበት ምክር ቤት ነበራት።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ።

ጥሪው እንዴት እንደሚደርሰን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኢሜይል ይመጣል። ከአገራችሁ አንድ ተሳታፊ እንፈልጋለን፤ የፓስፖርት ቅጂና የሕይወት ታሪክ እስከ ሰኞ ላኩ ይላል። በሦስት ቀን ውስጥ ማን ይገኛል? ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርት ያለው፣ ከዚህ በፊት ቪዛ የተመታለት፣ የሕይወት ታሪኩ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠ ሰው። ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዋና ዳይሬክተሩ ነው፤ አለዚያም የፕሮግራም ኃላፊው ነው። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም የሚሄደው። ጥድፊያው ራሱ መራጭ ስለሆነ ነው። ፓስፖርት የሌላት የገጠር ሴት ብትመረጥስ? በ2016 ዓ.ም. ክፍያው ሲሻሻል መደበኛው ፓስፖርት 5 ሺህ ብር፣ በሁለት ቀን የሚደርሰው አስቸኳይ ደግሞ 25 ሺህ ብር ሆነ። ይህን ከኪሷ የምታወጣ የገጠር ሴት አላውቅም።

ቅጾቻችንም እንዲሁ ናቸው። በአንድ የምርጫ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ሁለት ማመልከቻዎችን ጎን ለጎን ያነበብኩበትን ቀን አልረሳውም። ጉባኤው ስለ ድርቅና ስለ አርብቶ አደሮች ኑሮ ነበር። አንደኛው ማመልከቻ በጥሩ እንግሊዝኛ የተጻፈ፣ አመልካቹ የተካፈለባቸውን ጉባኤዎች በረጅሙ የሚዘረዝር ነበር። ሁለተኛው በደብተር ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎ፣ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም የመጣ ነው። የጻፈችው የአንድ የአርብቶ አደር ሴቶች የቁጠባና ብድር ማኅበር ጸሐፊ ናት። ወረቀቱ በመስመር ተከፋፍሏል። በአንዱ ዓምድ የአባሏ ስም፣ በቀጣዩ ከድርቁ በፊት የነበሯት ላሞችና ፍየሎች፣ በሚቀጥለው የሞቱት፣ በመጨረሻው ደግሞ የመኖ ድጋፍ የደረሰበት ቀን ተጽፏል። ለአብዛኞቹ አባላት መኖው የደረሰው ከብቶቹ ካለቁ በኋላ ነበር። ጉባኤው ሊነጋገርበት የፈለገው ጉዳይ፣ ማለትም የቅድመ ማስጠንቀቂያው መረጃ ወደ እርዳታ እስኪለወጥ የሚፈጀው ጊዜ፣ በዚያች ወረቀት ላይ ቁልጭ ብሎ ተቀምጦ ነበር።

የነጥብ መስጫ ቅጹ ለእንግሊዝኛ ችሎታ ነጥብ አለው። ለዓለም አቀፍ ልምድ ነጥብ አለው። ለትምህርት ደረጃ ነጥብ አለው። ለዚያች ወረቀት ግን ሳጥን አልነበረውም። ነጥቡ ሲደመር ውጤቱ ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ኮሚቴው አላዳላም፤ ሁሉም በቅን ልቦና ሞላ። ውጤቱን አስቀድሞ የወሰነው ቅጹ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው፣ ገንዘብ ያላቸው ወገኖች ምንም ዓይነት ምርጫ ሳያስፈልጋቸው በሚገቡበት መድረክ ላይ ነው። በ2023 ዱባይ ላይ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ፣ በኮፕ 28፣ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ተገኝቷል። ትላልቅ በካዮች ከጉባኤው ይውጡ የሚል ዘመቻ የሚያካሂድ ዓለም አቀፍ ጥምረት የተመዝጋቢዎቹን ዝርዝር መርምሮ፣ ቢያንስ 2456 የነዳጅ ዘይት፣ የጋዝና የድንጋይ ከሰል ኩባንያዎች ጉዳይ አስፈጻሚዎች መግባታቸውን አስታውቋል። እነዚህ ሰዎች ትኬት የሚገዛላቸው አላጡም። ከእኛ ወገን የሚሄዱት ጥቂቶች ናቸውና እያንዳንዱ ወንበር ሊባክን የማይገባው ለዚህ ነው።

ቪዛውም ሌላ ግንብ ነው። በ2022 ሞንትሪያል ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ፣ ንግግር እንዲያደርጉ የተጋበዙትን ጨምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ከአፍሪካ፣ የካናዳ ቪዛ ተከልክለው ወይም መልሱ ሳይደርሳቸው ቀርተዋል። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ፣ የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ተደርጓል። በዚህ ሁኔታ ከጉባኤው በፊት አንድ ወር ሲቀረው ሰው መምረጥ፣ አለመምረጥ ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? የማቀርባቸው ሐሳቦች ከበጀት ይልቅ ውሳኔ የሚጠይቁ ናቸው።

አንደኛ፣ ጉዳዩ ከሰው ይቅደም። ስም ከመጥራታችን በፊት ጉባኤው ምን ሊወስን እንደሆነ፣ የትኛው አጀንዳ እኛን እንደሚነካና ምን እንዲባልልን እንደምንፈልግ በአንድ ገጽ እንጻፍ። ያ ገጽ ሲጻፍ ሰውየው ራሱ መታየት ይጀምራል። ክርክሩ ስለ ድርቅ ካሳ ከሆነ ከብት የሞተበትን እንፈልጋለን። የበጀት ቀመር ከሆነ ደግሞ የኢኮኖሚ ባለሙያ እንፈልጋለን፤ እሱንም ያለ ኀፍረት እንምረጠው። ይህ ገጽ የሌለው ጉዞ ጉብኝት ነው።

ሁለተኛ፣ መስፈርቱ ከአመልካቹ ይቅደም። መስፈርቱ በግልጽ ይውጣ፤ ማመልከቻ ከተከፈተ በኋላ አይነካ። ማስታወቂያውም ኢንተርኔት ላይ ብቻ አይለጠፍ። በክልል ሬዲዮ፣ በቴሌግራም፣ በማኅበራት ቢሮዎች፣ ሰዉ በሚሰማው ቋንቋ ይነገር። ማመልከቻ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛም ሆነ በአፋርኛ፣ በጽሑፍም ሆነ በድምፅ መልእክት ይግባ። መተርጎም የመራጩ ሥራ ይሁን። ነጥብ መስጫው ላይ ደግሞ ከማኅበረሰቡ ጋር ያለው ትስስር ከፍተኛውን ቦታ ይያዝ። ማስረጃውም የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ አይሁን፤ የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ይሁን። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ለማጻፍ አንድ ወዳጅ ይበቃል። ቃለ ጉባኤ ለማጻፍ ግን አባላት መሰብሰብ፣ መነጋገርና መፈረም አለባቸው።

ሦስተኛ፣ መራጭ አይመረጥ። በኮሚቴው ውስጥ ያለ ሰው፣ የሥራ ባልደረባውና ቤተ ዘመዱ በዚያ ዙር አይወዳደሩ። አመልካቹን የሚያውቅ የኮሚቴ አባል አውቀዋለሁ ብሎ ይነሣ፤ መነሣቱም በቃለ ጉባኤው ይያዝ። ያልተመረጡትም ለምን እንዳልተመረጡ በሁለት መስመር ይነገራቸው። ሰው መሸነፍን ይችላል፤ መልስ ማጣትን ግን አይችልም። የተመረጡት ሰዎች፣ የሄዱበት ጉባኤና የወጣው ገንዘብ በየዓመቱ በይፋ ይዘርዘር። ያ ዝርዝር አንድ ስም አምስት ጊዜ ከያዘ ማንም ክስ ማቅረብ አያስፈልገውም፤ ዝርዝሩ ራሱ ይናገራል።

አራተኛ፣ አዲሱና ነባሩ ይጣመሩ። እዚህ ላይ የሚቀርበውን ክርክር አውቃለሁ፤ ክብደትም አለው። የአየር ንብረት ድርድር በአንድ ቃል ላይ ሌሊት የሚታደርበት ሥራ ነው። ማን ከማን ጋር እንደቆመ፣ ባለፈው ዓመት የትኛው አንቀጽ ስምምነት አጥቶ በቅንፍ ውስጥ እንደቀረ የማያውቅ ሰው አዳራሽ ለአዳራሽ ሲንከራተት ሁለት ሳምንቱ ያልቅበታል። ሁልጊዜ አዲስ ሰው ብንልክ ሁልጊዜ ጀማሪ እንሆናለን፤ ያከማቸነውን ዕውቀት እናጣለን። ስለዚህ ልምድ ያለውን አንጣለው። ነገር ግን ልምድ የሚባለው ነገር የግል ርስት መሆን የለበትም። ሦስት ወንበር ካለን አንዱን ለነባር ሰው፣ ሁለቱን ለአዲስ እንስጥ። ነባሩ ሁለቱን ይዞ የመግባት፣ የማስተዋወቅና የማሠልጠን ግዴታ ይኑርበት። ሦስት ዙር የሄደ ሰው ደግሞ ለሌላው ይልቀቅና በዝግጅቱ በኩል ያገልግል። የአሥር ዓመት ልምድ አለኝ የሚል ሰው፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ስንት ተተኪ አፈራህ ተብሎ ቢጠየቅ ሊቆጣ አይገባም።

አምስተኛ፣ ገንዘቡ አስቀድሞ ይከፈል፤ እውነተኛውን ወጪም ይሸፍን። ከኪስህ አውጣና ደረሰኝ አምጣ፣ በኋላ እንተካልሃለን የሚለው አሠራር ደመወዝተኛን ብቻ የሚያስተናግድ ነው። ከጅንካ አዲስ አበባ የሚያደርስ ትራንስፖርት፣ የፓስፖርትና የቪዛ ክፍያ፣ ለቪዛ አሻራ ሲመጡ የሚያድሩበት አልጋ፣ በዝርዝሩ ውስጥ ይግባ። የምታጠባ እናት ልጇንና ሞግዚቷን ይዛ ትሂድ። ማየት የተሳነው ተወካይ ረዳቱ፣ መስማት የተሳናት ተወካይ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዋ ሙሉ ወጪ ይሸፈንላቸው። ይህን ውድ ነው የሚል ሰው፣ የአካል ጉዳተኞቹን ስምምነት ባረቀቀው ቡድን ውስጥ የነበሩትን 12 ወንበሮች ያስታውስ።

ስድስተኛ፣ ተጓዡ ተመልሶ ይናገር። በሰፈራችን እድር ለአንድ ጉዳይ ሰው ሲልክ፣ የተላከው ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ምን እንደተባለ ሳይናገር ቀርቶ አያውቅም። ገንዘብ ከተሰጠውም ሒሳቡን በጸሐፊው ፊት ያወራርዳል። ለዚህ አሠልጣኝ አላስፈለገውም። እኛ ግን ከጉዞ በተመለስን ቁጥር የምንጽፈው ሪፖርት በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚነበበውም ገንዘብ ሰጪው ዘንድ ነው። ላኪዎቹ አያዩትም። ስለዚህ ማንኛውም ተጓዥ በተመለሰ በ30 ቀን ውስጥ፣ የላከው ማኅበረሰብ ባለበት ቦታ፣ በሚሰሙት ቋንቋ፣ ሦስት ነገር ይንገር። ምን ተወሰነ? እኔ ምን አልኩ? ከእንግዲህ እናንተ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ? ይህን ያላደረገ ሰው ሌላ ጉዞ አይፈቀድለት።

እነዚህን ስናገር የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ፤ ልመልሳቸው።

አንዱ፣ የሚመርጠው ገንዘብ ሰጪው ነው እንጂ እኛ አይደለንም የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። በስም የሚጋብዙ አሉ፤ በየዓመቱ የሚያውቁትን ሰው የሚጠሩ አሉ። ነገር ግን ተጋባዡ እሺ የማለትና ያለማለት ነጻነት አለው። ክብር የሚገባው አመራር፣ ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ፣ ይህን ጉዳይ ከእኔ በላይ የምታውቅ ሴት አለችና እሷን ጋብዙልኝ ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ሲበዛ ገንዘብ ሰጪዎቹም አሠራራቸውን ይፈትሻሉ። ስም ላኩልን ሲሉንም ስሙን ብቻ አንላክ፤ እንዴት እንደመረጥነው አብረን እንላክ። ጥሪውም ቢያንስ ሦስት ወር ቀድሞ ይድረሰን ብለን በአንድ ድምፅ እንጠይቅ። የ45 ቀኑን የቪዛ ጊዜ ማስረጃ አድርገን ብናቀርብ ማንም አይከራከረንም።

ሌላው፣ የመንግሥት ልዑካን ቡድን መግቢያ ካርድ ካገኘን ለምን እንጨነቃለን የሚለው ነው። ከመንግሥት ጋር አብሮ መሥራት ነውር አይደለም፤ የአገር ጥቅም በሚጠየቅበት ድርድር ላይ ጠቃሚም ነው። ሆኖም በሌላው ካርድ የገባ ሰው በዚያው ካርድ ስም እንደሚናገር መታወቅ አለበት። የሲቪል ማኅበረሰብ ወንበር ዋጋው ነጻ መሆኑ ላይ ነው። በአገራችን የማኅበራት ሕግ ከአዋጅ ቁጥር 621/2001 ጠባብ ዘመን ወጥተን በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሰፋ ያለ ሕጋዊ ሜዳ ያገኘነው፣ በራሳችን ስም እንድንናገር ነው። በራሳችን ስም የምንናገረው ደግሞ በራሳችን ሥርዓት የመረጥነው ሰው ሲኖረን ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤

ይህን ሁሉ ዛሬ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2025 ብራዚል ቤሌም ላይ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32ን በ2027 ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ እንድታስተናግድ ተወስኗል። አዲስ አበባ ለታላላቅ ጉባኤዎች እንግዳ አይደለችም። በሐምሌ 2015 ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የልማት ፋይናንስ ጉባኤ ሲካሄድባት፣ ከጉባኤው ቀደም ብሎ የሲቪል ማኅበረሰብ ፎረም እዚሁ ተካሂዷል። የአሁኑ ግን በስፋቱ የተለየ ነው።

ጉባኤ ባለጉዳዩ ወዳለበት አገር ሲመጣ ምን እንደሚሆን በደርባን ታይቷል። በ2000 ዓለም አቀፉ የኤድስ ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ በታዳጊ አገር፣ በደቡብ አፍሪካ፣ ሲካሄድ በመክፈቻው ላይ ንኮሲ ጆንሰን የተባለ፣ ቫይረሱ በደሙ ያለበት የ11 ዓመት ልጅ ቆሞ ተናገረ። ለነፍሰ ጡር እናቶች መድኃኒት ይሰጥ ብሎ ለመነ። ያን ንግግር ዓለም ሰማው። ያን ልጅ ቪዛ አላስፈለገውም፤ ጉባኤው እሱ ዘንድ መጥቶ ነበርና።

ወደ እኛም ይመጣል። ቪዛና የባሕር ማዶ ትኬት ለኢትዮጵያውያን ተሳታፊዎች ችግር አይሆንም። ይህ ማለት ግን የምርጫው ችግር ጠፋ ማለት አይደለም፤ ይበልጥ ይገለጣል እንጂ። ከሲቪል ማኅበረሰቡ ወገን በራሱ ካርድ ወደ ድርድሩ ግቢ የሚገባው በጉባኤው ጽሕፈት ቤት ዕውቅና ያገኘ ታዛቢ ድርጅት ስሙን ያስመዘገበለት ሰው ብቻ ነው። እያንዳንዱ ድርጅትም የተወሰነ ኮታ አለው። ዕውቅናው ደግሞ በማመልከቻ የሚገኝ፣ ጊዜ የሚወስድ ነገር ነው። አሁን ካልተዘጋጀን፣ ከጎዴ፣ ከሠመራ፣ ከያቤሎ፣ ከዋግ ኽምራ መምጣት የሚገባቸው ሰዎች በገዛ አገራቸው ከአጥር ውጭ ይቆማሉ። በአዲስ አበባ የምንኖር ጥቂቶች ደግሞ ካርድ አንጠልጥለን እንገባለን። ያኔ ጥፋቱን በጄኔቭም በብራስልስም ማላከክ አንችልም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ የሚለው ተረት በእኛ እንዳይደርስ፣ ሥራው ዛሬ ይጀመር።

ከዚህ አዳራሽ ከመውጣታችን በፊት በሦስት ነገር እንድንስማማ እጠይቃለሁ። ዕውቅና ያላቸው ድርጅቶች ከኮታቸው ቢያንስ ግማሹን፣ ዕውቅና ለሌላቸው የክልልና የወረዳ ማኅበራት ተወካዮች ለመልቀቅ በጽሑፍ ቃል ይግቡ። ዕውቅና የሌላቸው፣ ነገር ግን አቅም ያላቸው ድርጅቶች ማመልከቻቸውን ሳይውሉ ሳያድሩ ያስገቡ። ለሁላችንም የሚሠራ አንድ የጋራ የምርጫ ደንብ የሚያረቅቅ፣ አባላቱ ራሳቸው ተወዳዳሪ የማይሆኑበት ኮሚቴ ዛሬ ይሰየም። ደንቡም ለኮፕ 32 ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ለሚመጡት ጉባኤዎች ሁሉ ይጽና።

በእኛ ስም የሚሄድ ሰው ሁሉ፣ ማን ላከህ ሲባል የሰዎችን ስምና የተፈረመ ቃለ ጉባኤ የሚያሳይ ይሁን። ይህን ማድረግ እንችላለን፤ ከማንም ፈቃድ መጠበቅም የለብንም።